ጓዳ ያስተማረን
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በያመቱ በዚህ ጉባኤ የሚነሣው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ድንኳኑ ተቀደደ፣ አግዳሚው ተሰበረ፣ ብርጭቆው ጎደለ፣ ቅጣት ያልከፈለው ማን ነው፤ ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው ስለ ተፈጥሮና ስለ አኗኗር፣ ስለ ዕለት ተዕለት ምግባርም አንድ ነገር እንድንናገር አዘዘን። እኛ ትምህርታችን ጥቂት ነው፤ ዕድሜያችንንም የጨረስነው መዝገብ ስናገላብጥ ነው። ስለሆነም የሊቃውንቱን ነገር ለሊቃውንት ትተን፣ ሁላችን ከምናውቀው ከጓዳ መጀመርን መረጥን።

ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ አንዲት የሰፈራችንን የቤት እመቤት አማከርን። ስማቸውን አናነሣም፤ «ስሜን ካነሣችሁ ከእድሩ እወጣለሁ» ብለውናልና። እንዲያው እትዬ እያልን እንቀጥል። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ በየልቅሶ ቤቱም ከጎሕ ሳይቀደድ ምድጃ ሥር የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ስለ አኗኗር ምን እንበል ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጆቼ፤ ያለኝን አላባክንም፣ የሰው ድካም አልበላም፣ የምደፋው ነገር የት እንደሚደርስ አያለሁ። ሌላ ምን አለ?» አሉን። እኛም ነገሩን ብናወጣው ብናወርደው ከዚህ የሚበልጥ አላገኘንም። ሦስቱንም ቃል በየተራ እናያለን።

ስለ ውሃ

ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአንድ ወገን ቀሃ፣ በሌላው ወገን አንገረብ ይወርዳል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ከተማዪቱን ሲቆረቁሩ ውሃውንም አይተው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ለጥምቀት በዓል የፋሲል መዋኛ የሚሞላውም ከቀሃ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ነው። ሁለቱም ወንዞች ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። እንግዲህ ከደጃችን የተደፋ እጣቢ የት ድረስ እንደሚጓዝ አስቡት።

እትዬ በልጅነታቸው በእንስራ ከወንዝ የቀዱ ናቸው። እንስራ የተሸከመ ሰው የውሃን ዋጋ ጀርባው ያውቀዋል። በቤታቸው አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ምስር የታጠበበት ለጓሮ ጎመን ይሄዳል፤ ልብስ የተለቀለቀበት ወለል ያጥባል፤ ወለል ያጠበው ሽንት ቤት ይወርዳል። ይህን ያየ የጎረቤት ልጅ «እትዬ ስስታም ናቸው» ብሎ ነበር አሉ። እሳቸውም ሰምተው፣ «ስስት ከሰው ላይ ነው እንጂ ከውሃ ላይ ቁጠባ ይባላል» ብለው መለሱለት።

ዛሬ ቧንቧ በየግቢው ገብቷል። ነገር ግን ውሃው በፈረቃ ነው፤ ቢጫውን ጀሪካን ደርድሮ ሌሊቱን ነቅቶ መጠበቅ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በቢሮ ላይ ያላክካል። ነገሩ ግን ከቢሮ ይሰፋል። ከተማችን ለብዙ ጊዜ የኖረችው በ1980ዎቹ ዓ.ም በተሠራው የአንገረብ ግድብ ውሃ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተራራ ተመንጥሯል፤ ተዳፋቱ ታርሷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ግድቡ ውስጥ ይከምረዋል። ማሰሮ ግማሹ ጭቃ ከሆነ የሚይዘው ወጥ ግማሽ ነው፤ ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ከዚያ ላይ የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። በመገጭ ላይ የተጀመረውም ትልቅ ግድብ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ስለዚህ የተራራው ዛፍና የጓዳችን ጀሪካን ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ወደ ታች ደግሞ እንመልከት። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ እንቦጭ የሚሉት አረም ጣናን ወረረው። አረሙ ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሲያዩት ያምራል፣ ሥራው ግን ክፉ ነው። አስቀድሞ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ መገጭ ወደ ሐይቁ የሚገባበት የደንቢያ ዳርቻ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት፣ ከብቱም ውሃ የሚጠጣበት መንገድ ጠፋ። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቀለ። አረሙን የሚያወፍረው ምንድር ነው ቢባል፣ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ከቀሃ ድልድይ ላይ ቆመን የምንወረውረው ቆሻሻ፣ ቱቦ ከፍተን በጎርፍ የምንለቀው ፍሳሽ ለደንቢያ ገበሬ ይደርሰዋል። እኛ አናየውም፤ እሱ ግን ያየዋል። የደንቢያን ጤፍና ሽንብራ እየበላን፣ ምላሹ ይህ ሊሆን ይገባል ወይ?

ፌስታሉንም አንርሳ። ድሮ ገበያ የሚኬደው ዘንቢል ተይዞ፣ ቅቤው በቅል፣ እህሉ በአቁማዳ ነበር። አሁን ለአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንድ ፌስታል ነው። ፌስታሉ ቦይ ይደፍናል፤ ቦይ ሲደፈን ጎርፉ ቤት ይገባል፤ ላም ከበላችውም ሆዷ ውስጥ ተቋጥሮ ይገድላታል። ዘንቢል ይዞ መውጣት የድኻ ምልክት ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ። ኧረ ተዉ! ዘንቢል የባለቤት ምልክት ነው።

ስለ ማገዶና ስለ ምግብ

ያለኝን አላባክንም ያሉትን እንይ። ከዳባት አልፎ እስከ ደባርቅ ያለውን ደጋ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛፍ በራቀበት መንደር የሚነደው ኩበት ነው። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ማሳው ፍግ ሲያጣ ገብሱ ይቀጥናል፤ ገብሱ ሲቀጥን ገበሬው ተጨማሪ ተዳፋት ይቆፍራል፤ የተቆፈረው አፈር በክረምት ወርዶ ይሄዳል። እናቲቱ ምን ታድርግ? ልጆቿን ጥሬ አታበላም። ችግሩ የእሷ ስንፍና አይደለም፤ ሌላ ማገዶ በማጣት ነው።

በከተማችን ዙሪያ ያለው ማገዶ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ዘሩ መጥቶ በአገራችን ተስፋፋ። ዛሬ ባሕር ዛፍን የሚረግም ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደልብ አያበቅልም። ቢሆንም ፍርድ በሚዛን ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ የቀረችው ወይራና የቀረው ጽድ እስከ ዛሬ ከሰል በሆኑ ነበር። ስለዚህ በቦታው ይሁን እንላለን፤ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በተለየ ቦታ ይተከል።

እትዬ ምጣድ የሚጥዱት በቁጥር ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ይጠራሉ፤ ሁለት ሦስት ቤት በተራ በአንድ እሳት ይጋግራል። እንጀራው ሲያልቅ በቀረው ግለት ቆሎ ይቆላሉ። «እሳት ሲነድ ቆሞ ማየት ገንዘብ ሲነድ ቆሞ ማየት ነው» ይላሉ። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ደግሞ የተሻለ ነገር መጥቷል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። የጭስ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። የሴቶቻችን ዓይን የሚያለቅሰው፣ ሳላቸው የማይለቀው፣ በጀርባ የታዘለው ሕፃን የሚያስለው በጭስ ነው። ወንዶቹ ወጥ ሲጣፍጥ እናመሰግናለን፤ ወጡ ስንት ጊዜ ዓይን እንዳስጠረገ ግን አንጠይቅም።

ምግቡም እንዲሁ ነው። በእትዬ ጓዳ የሚጣል ነገር የለም። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። የጠላው አተላ ለላም ነው። ጋኑና እንስራው በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። አመዱ ዕቃ ይፈትጋል፤ የተረፈው ከጓሮ አፈር ጋር ይደባለቃል። ይህ ሁሉ ዛሬ በውጭ አገር እንደ አዲስ ግኝት በትምህርት ቤት ይሰጣል ይባላል። እናቶቻችን ያለ ደብተር ሲሠሩት ኖረዋል።

ቁጠባ ሲባል ግን እጅ መሰብሰብ እንዳይመስል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ደባርቅና ዳባት ሰፍረው በነበረበት ጊዜ፣ እንጀራ እየጋገሩ ያካፈሉት እኒሁ ፍርፋሪ የሚቆጥቡት እናቶች ናቸው። ያልቆጠበ ጓዳ ለእንግዳ ምን ያወጣል? የሚያባክን ሰው ሲጠሩት ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።

ስለ እንዶድና ስለ ሸክላ

የሰው ድካም አልበላም ያሉት ሁለተኛው ቃል ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ እንናገራለን፤ በተለይ ወጣቶች አስተውሉ።

ሳሙና ሳይበዛ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ አረፋው ልብሱን ያነጣዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚመጣ ነው፤ በእኛም አገር በጣና ዙሪያ አለ፤ ወንዝ ለወንዝ የሚዋኝ ልጅ የሚያገኘው ነው። ዶክተሩ ወንዝ ዳር ሲዞሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከላይ በኩል ያሉት ደኅና ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዓመት ደክመው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድልና በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ አስመሰከሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱም «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ በዚህ አላቆመም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጥረት ገብቶ አስቸግሮ ነበር። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ ያለ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ያን ጊዜ ታላቅ ጥያቄ ተነሣ። እንዶድን ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩት፣ አወቃቀጡንና አዘፋፈዙን ለልጅ ልጅ ያስተማሩት እናቶች ድርሻቸው የት አለ? ይህ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ እስከ ዛሬ ይነሣል።

እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ታላቅ ዕውቀት ከልብስ አጣቢ እናት ሥር እንደሚገኝና ሊቁም ሊቅ የሆነው ዝቅ ብሎ በማየቱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዕውቀቱ ሲመሰገን ባለቤቲቱም መመስገን እንዳለባት ነው።

ይህንንም ወደ ቅርባችን እናምጣው። ወደ ደባርቅ መውጫ ያለችውን ወለቃን ታውቃላችሁ። የቤተ እስራኤል ወገኖች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም በብዛት ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ በዚያ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የሸክላው ሥራ የሴቶች ነበር፤ የብረቱ ሥራ የወንዶች። ጎንደር ምጣድ የምታገኘው፣ ማሰሮ የምትገዛው ከእነሱ እጅ ነበር። ከድሮ ጀምሮ ግን ሸክላ ሠሪውን በክፉ ስም መጥራት፣ «ቡዳ ነው» ብሎ መሸሽ የተለመደ ነበር። እንግዲህ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በምጣዱ እየጋገሩ እጁን መስደብ! እትዬ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ጭቃውን እንጀራ ማብሰያ ያደረገ እጅ እንዴት ክፉ ይባላል?» አሉን። ዛሬም ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ጽዳት ሠራተኛውን፣ በየቤታችን የምታገለግለውን ልጅ ዝቅ አድርጎ የሚያይ አለ። የዕለት ተዕለት ምግባር የሚመዘነው በዚህ ላይ ነው። ለቢሮ ኃላፊ ከመቀመጫ መነሣት ማንም ያውቅበታል፤ እንጨት ተሸክማ ለደከመች ሴት መንገድ መልቀቅ ግን ምግባር ይጠይቃል።

ስለ ዛፍ

ከተማችን ስለ ዛፍ የሚያስተምር ብዙ ምስክር አላት። የፋሲልን መዋኛ አጥር ተመልከቱ፤ የዛፉ ሥር ግንቡን እንደ እጅ ጨብጦ ይዞታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተመልከቱ፤ ከአጥሩ ውስጥ ጽዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ግን ተረፈ። የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን አባረረ ብለው አባቶች ይተርካሉ። ንብ የሚኖረው ዛፍና አበባ ባለበት ነው። ዛፉን የጠበቁት ሰዎች ሳያውቁት ጠባቂያቸውን ጠበቁ ማለት ነው።

በደቡብ ጎንደርም እንዲሁ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተዋል። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ታርሶ፣ ደኑ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ እንደ ደሴት ቀርቶ ከሰማይ ይታያል። በየቦታው ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ሠራ። ካቡ ከብት ሲከለክል ችግኙ ራሱን ማብቀል ጀመረ፤ ገበሬውም ድንጋዩ ስለተለቀመለት ማሳው ሰፋለት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ጥቅም ይሉሃል ይህ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ስሜን አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም ተቋቋመ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ መዘገበው። ኋላ እርሻውና ግጦሹ ሲበዛበት በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጣ። ለመውጣቱ ግን ዋጋ የከፈለ አለ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም ገደማ ከኖሩበት ተራራ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። ከተራራ የወረደች እናት ኑሮዋን፣ ምድጃዋን፣ የምንጩን መንገድ ትታ ነው የወረደችው። ዋልያ ተረፈ ብለን ስንደሰት እሷንም ማስታወስ ይገባናል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በስሜን ብቻ ነው፤ ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም በፓርኩ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ፣ ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ የተዋጋው የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነው።

ኮሶንም እናንሣ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ዛሬ ክኒን ሳይመጣ ሰው ሁሉ ከሆዱ ትል የሚገላገለው በኮሶ አበባ ነበር። አዘገጃጀቱን የሚያውቁት ሴቶች ነበሩ፤ መጠኑ ካለፈ ይጎዳልና ልክ ማወቅ ነበረባቸው። አሁን መድኃኒቱን ከሐኪም እናገኛለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን አላስፈለገንም ብለን ዛፉን መቁረጥ ከውለታ ቢስነት ይቆጠራል። አሮጊት እናቱን «ከእንግዲህ አትጋግሪም» ብሎ ከቤት የሚያስወጣ ልጅ አለ?

ስለ ልቅሶ ቤት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እድር በከተማ የተወለደ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ የሚቀባበርበት፣ ሀብታምና ድኻ በአንድ አግዳሚ የሚቀመጥበት ነው። ዓላማው ኀዘንተኛውን ማሳረፍ ነው። ነገር ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰፈራችን የምናየው ነገር ያሳስባል።

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቤት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሠልስቱ ሲያልቅ ድንኳኑ ተነሣ፣ ሰው ተበተነ፣ እሷ ከዱቄትና ከዘይት፣ ከከሰልና ከታሸገ ውሃ ዕዳ ጋር ቀረች። ለልጆቿ ትምህርት ያስቀመጠችው ገንዘብ በሦስት ቀን ተበላ። እንጀራው ተርፎ ሻግቷል፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱ በጎርፍ ቀሃ ወርዷል። ያቺ ሴት በየሰው ልቅሶ ሃያ ዓመት ወጥ ስትሠራ የኖረች ናት። በራሷ ተራ ያስተዛዘናት ዕዳ ሆነ። ይህን ያየ ሰው «ያለኝን አላባክንም፣ የሰው ድካም አልበላም፣ የምደፋው የት እንደሚደርስ አያለሁ» ያሉትን እትዬን ያስታውሳል። በአንድ ልቅሶ ቤት ሦስቱም ተሽሯል።

በኮሚቴ ስንነጋገር «ድግሱ ከቀነሰ የሟች ክብር ይነካል» ያሉ አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ሰው ሙቱን በክብር መሸኘት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በአባቶቻችን ዘመን የልቅሶ ምግብ ንፍሮ ነበር፤ እንጀራውንም ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነበር። ኀዘንተኛ ቤት ጭስ አይወጣም ነበር። ታዲያ የአባቶቻችን ሙታን ያለ ክብር ተቀበሩ እንበል? ክብር በለቅሶተኛው ልብ ነው። «ድሮ እኮ እንባው ከወጡ ይበዛ ነበር» ብለዋል እትዬ።

ሌላም አለ። ቀብሩ ሲያልቅ የስሚንቶውና የእብነ በረዱ ፉክክር ይመጣል። መቃብሩ በሰፋ ቁጥር የቤተ ክርስቲያኑ ወይራና ጽድ ይቆረጣል። እንዲህ ከቀጠለ ለልጆቻችን የሚቀረው ድንጋይ ብቻ ነው። በጥላው ሥር የሚቀመጥበት ዛፍ ያልተወ ሰው፣ ስሙ በእብነ በረድ ቢጻፍ ማን ቆሞ ያነብለታል? ፀሐዩ ያባርረዋል።

ስለሆነም ከእናቶች ጋር ተመካክረን አምስት ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እስከ ሠልስት ድረስ በኀዘን ቤት የሚቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና የሽሮ ወጥ ይሁን፤ እንጀራውም በተራ ከአባላት ቤት ይምጣ። ከዚያ በላይ ማድረግ የሚሻ የሟች ቤተሰብ አይከለከል፤ ግን ማንም ሰው «ምነው ጎደለ» ብሎ አይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ እድሩ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይግዛ። አንድ ድንኳን በስንት እንደምንገዛ የምናውቅ ሰዎች የእናቶችን ዓይን ለማዳን አንሰስት።

ሦስተኛ፣ የታሸገ ውሃና የሚጣል ሰሃን በልቅሶ ቤት ይቅር። እድራችን ብርጭቆና ሳሕን አለው። ውሃው ተፈልቶ በጋን ይቅረብ። ዕቃ ማጠቡም ለሴቶች ብቻ አይተው፤ ወጣት ወንዶች በተራ ይግቡበት። እጅ በውሃ አይሟሟም።

አራተኛ፣ ለሞተ አባል ሁሉ በዚያው ዓመት ክረምት አንድ ችግኝ ይተከል፤ ወይራ፣ ጽድ ወይም ኮሶ ይሁን። እዚህ ላይ አጥብቀን እንለምናለን። መትከል ቀላል ነው፤ በየክረምቱ ይተከላል፤ ዞር ብሎ የሚያይ ሲጠፋ በበጋ ይደርቃል፣ ወይም ፍየል ይበላዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሦስት ዓመት የሚያጠጣና የሚያጥር ቤተሰብ በመዝገብ ይያዝ። የአስተዛዛኙ ዕዳ ይህ ይሁን። ቦታውንም የደብሩን አስተዳዳሪ፣ እንደዚሁም የመስጊዱን ሽማግሌዎች ጠይቀን እንወስን።

አምስተኛ፣ በእድራችን መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው የባል ስም ብቻ ነው። ሥራውን ግን የምትሠራው ሚስት ናት። ስሟ ከባሏ ስም ጎን ይጻፍ፤ በጉባኤም ድምፅ ይኑራት። ባሏ በሞተ ማግስት «አባልነቱ የማን ነው» የሚል ክርክር እንዳይነሣ ይህ ያስፈልጋል። በመዝገብ ሥራ የኖርን እንደመሆናችን አንድ ነገር እናውቃለን፤ ያልተጻፈ ሰው ሲቸገር የሚያስታውሰው አያገኝም።

ውድ አባላት፣ እኒህ ሐሳቦች ታላቅ ነገር አይመስሉም። የአንገረብን አፈር በአንድ ቀን አያወጡም፤ የጣናንም አረም አያደርቁም። ቢሆንም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሰፈራችን ያለው ቤት ሁሉ አንድ ባልዲ ቢቆጥብ፣ አንድ ፌስታል ቢተው፣ አንድ ችግኝ ቢያጠጣ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ያለ ዕዳ ብታድር፣ ይህ እድር የተቋቋመበትን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ከእኛ የሚያዩ ሌሎች እድሮችም ይኖራሉ።

ወንዶች አባላትን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጓዳ ግቡና ተመልከቱ። ውሃው ስንት ጊዜ እንደሚሠራ፣ አመዱ የት እንደሚሄድ፣ ከትናንት የተረፈው ዛሬ ምን እንደሆነ ጠይቁ። የምትሰሙት መልስ ከዚህ ንግግር ይበልጣል።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ተቃውሞ ያለው በነፃነት ይናገር፤ የተሻለ ሐሳብ ያለውም ያምጣ፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።  እግዚአብሔር ክፉ አያሰማን፤ ዝናሙን በጊዜው፣ እህሉን በቦታው ያድርግልን።